በሳፋ የተጋዘው ጓሮ

አያቴ ጎመን ሲሠሩ ቢላ አይነኩም ነበር። ቅጠሉን ከግንዱ ዝቅ ካለው ጀምረው በእጃቸው ይቀጥፋሉ፣ እንብርቱን ለነገ ይተዉታል። ከዚያ ቅጠሉን እየበጠሱ መሐሉ ላይ ያለውን ጠንካራውን አጥንቱን ለብቻ ይለያሉ። መጀመሪያ አጥንቱ ወደ ድስት ይገባል፤ እሱ ለስለስ ማለት ሲጀምር ቅጠሉ ይከተለዋል። ነጭ ሽንኩርቱ ከጨው ጋር ተወቅጦ የሚጨመረው ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ነው እንጂ አስቀድሞ አይደለም። ኮሰረት ገብቶበት የተነጠረው ቅቤ መጨረሻ ላይ ጠብ ይላል። በገብስ ቂጣ ነበር የምንበላው። እኔ ከዚያ ወዲህ በአሰላ ሆቴሎች በልቻለሁ፣ ሮቤ ላይ ሠርግ በልቻለሁ፣ አዲስ አበባ ለስብሰባ ተጠርቼ በትልቅ አዳራሽ በልቻለሁ። ያንን ጎመን የሚያህል አላገኘሁም። የሚናገረውን የማያውቅ ሰው ደግሞ አይደለሁም።

አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል። አንድ ገጽ ጽፌ ሁለት ቀን አርፋለሁ፤ መነጽሬንም ስፈልግ ግማሹ ቀን ያልቃል። ቢሆንም ይህን ነገር ከኔ ሌላ የሚጽፈው የለም። ካዩት ሰዎች ብዙዎቹ ሞተዋል፤ በሕይወት ያሉትም ብዕር ቢሰጣቸው እንደኔ አይጽፉትም።

ቤታችን ከአሰላ በላይ፣ የጭላሎ ተራራ መውረጃ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከደጅ ቆሞ እንደ እንግዳ የሚጠብቀን ቦታ ነው። ቅድመ አያቶቻችን ከሸዋ መጥተው የሠፈሩ ናቸው። አያቴ ግን ኦሮምኛውን ከአማርኛቸው እኩል ነበር የሚናገሩት፤ ጎረቤቱም ሁሉ «አኮ» ይላቸዋል፣ አያት ማለት ነው። ዕድሜያቸውን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ጣሊያን ሲገባ የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ እናቴን፣ ለመጠየቅ ሽማግሌ ደጃቸው ቆሞ እንደነበር ይናገሩ ነበር፤ ከዚያ መገመት ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም። ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። ደርግን ሲመጣም ሲሄድም አይተው፣ ከዚያም አልፈው ኖረዋል።

ከቤቱ ጀርባ ጓሮው ነበር። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጥግ ጥጉን ኮሰረትና ጤና አዳም። አያቴ የምድጃውን አመድ አንድ ቦታ ከምረው አያውቁም። በየጠዋቱ አመዱን አፍሰው ጓሮው በር ላይ ይቆሙና «ዛሬ የማን ተራ ነው?» ይላሉ፣ ለራሳቸው። ተራው ለደረሰው መደብ አመዱ ይበተናል፤ የዕቃ እጣቢው ደግሞ ትናንት አመድ ለቀመሰው ይደፋል። የበግና የላም ፍጉ በዓመት አንዴ ይዞራል። ይህን ሥርዓት የጀመሩት አማታቸው ነበሩ፤ እሳቸውም እንደ ቅዳሴ ተራ ሳያዛንፉ ያዙት። በዚህ ዓይነት የሁለት ሴቶች ዕድሜ የፈሰሰበት አፈር ነው። ጥቁር፣ ልል፣ ጣት ሲሰዱበት እስከ አንጓ ያለ ድካም የሚገባ። ማዶ ያለውን ገበሬ ገብስ ውርጭ በመታው ዓመት እንኳ የኛ ጓሮ አረንጓዴ ነበር።

ስለ ራሴም ልናገር፤ ካልተናገርኩ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባም። እኔ አስተማሪ የሚባል ሰው ፊት ተቀምጬ አላውቅም። ፊደሉን ከአሰላ ገበያ በገዛሁት ገበታ፣ ንባቡን ደግሞ ባለሱቁ ስኳርና ጨው በሚጠቀልልበት የጋዜጣ ቁራጭ ራሴን አስተማርኩ። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በመጣ ጊዜ ሊያስተምሩን የተላኩትን ተማሪዎች ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚያርማቸው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የገበሬ ማኅበሩ ሲቋቋም ጸሐፊ ማን ይሁን ብሎ የተከራከረ የለም። አንድ ካድሬ ቃለ ጉባኤዬን አንብቦ «የት ኮሌጅ ነው የጨረስከው?» ብሎኛል። ምድጃ ዳር ነው አልኩት።

ያ ዘመን ግን አድካሚ ነበር። ሰው በእርሻ ሥራ ብቻ አይደለም የሚደክመው፤ በስብሰባ ነው። የኮታ እህል ስብሰባ፣ የጥበቃ ተራ ስብሰባ፣ ስለሚቀጥለው ስብሰባ ስብሰባ። ሌላው ሰው ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ እኔ ግን ጸሐፊ ነኝና ዓይኔን ከፍቼ ሁሉንም መጻፍ ነበረብኝ።

አንድ በጋ የመንደር ምስረታ ትእዛዝ መጣ። በየተረተሩ የተበተነው ቤት ሁሉ ፈርሶ ታች ሜዳው ላይ፣ መንገድ ዳር፣ በረድፍ እንዲሠራ። ውኃ ይገባል፣ ክሊኒክ ይገባል ተባለ። ቦታውን በገመድና በካስማ የለካሁት እኔ ነኝ። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ረድፉ በማስመሪያ የተሰመረ ነበር የሚመስለው። ከወረዳው የመጡት ሰዎች መሐንዲስ ጠይቀዋል፤ እኔን ነው ያሳዩዋቸው።

ለአያቴ ነገሩን ስነግራቸው ድንች እየላጡ ነበር። ጎረቤታችን፣ ከማዶ አጥር ያለችው የኦሮሞ ሴት፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ታግዛቸዋለች።

«እማማ፣ ከሰኞ ጀምሮ ቤቱ ይፈርሳል። የእርስዎን ቦታ ጥግ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ለመንገዱ ቅርብ። ለማንም እንዲህ አላደረግኩም።»

ቀና አላሉም። «አፈሩስ?»

«የቱ አፈር?»

«የጓሮዬ ነዋ! ቤቱ እንጨት ነው፣ ይሂድ። እኔ የምበላው ከአፈሩ ነው።»

ጎረቤታችን ሳቋ አመለጣት። «አኮ፣ አፈርም ለስብሰባ ተጠራ እንዴ?»

«ሳቂ አንቺ። የኔን ጎመን ስትበዪ አትስቂም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፣ ግን ሲዞሩብኝ አሁንም እፈራ ነበር። «ስማ፣ አዋቂው። ከላይ ያለውን አንድ ክንድ አፈር አምጣልኝ፤ ያለ ጠብ እሄዳለሁ። ካላመጣህ ምሰሶውን አቅፌ እቀመጣለሁ። ጸሐፊው አያቱን ከምሰሶ ሲያላቅቅ አገር ይይ።»

«አመጣለሁ» አልኩ። «እኔ አመጣለሁ ካልኩ የማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት ማለት ነው።»

ሰኞ ማፍረስ ተጀመረ። ሰው ሁሉ አህያውን ወራጅና ማገር፣ ሣርና በር ጭኖ ይወርዳል። እኔም ከእንጨቱ በኋላ በኩንታል ጆንያ አፈር ቆፍሬ ሁለት አህያ ጫንኩ። ሁለት ጭነት አወረድኩ። ሦስተኛውን ልጀምር ስል ተጠራሁ፤ ሁለት ባለቤቶች በካስማ ተጣልተው ዱላ ተማዘዋል። ያንን ሳበርድ ሌላው። ከዚያ መዝገብ፣ ከዚያ ሪፖርት። ሳምንቱ አለቀ። ተረተሩ የጋራ እርሻ እንዲሆን ለአምራቾች ማኅበር ተመደበና ጥበቃ ቆመበት፤ ትራክተር ሊገባ ነው ተባለ።

ደክሞኝ ነበር። ምክንያት ብዬ አይደለም፤ የነበረውን ነው የምጽፈው። ከአዲሱ መንደር በታች ወንዙ ዳር ጥቁር አፈር አለ። ከዚያ አስቆፍሬ አምጥቼ ጓሮ የሚሆነውን ቦታ ሞላሁት፣ አመድ ቀላቀልኩበት፣ ከላይ ሁለቱን የእውነት ጭነት በተንኩበት። ሥራው ጥሩ ነበር፤ በሩቅም በቅርብም ቢያዩት ልዩነት የለውም። አያቴን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው።

«ሁሉም መጥቷል፣ እማማ።»

ጎንበስ አሉና እጃቸውን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እስከ አንጓቸው ሰደዱት። አውጥተው በቀሚሳቸው ጠረጉት። «ጎበዝ» አሉ። እኔ እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ክረምቱ ገባ። የወንዝ ዳር አፈር ጭቃው ውኃ ይዞ አይለቅም፤ እግር ከገባበት ጫማው ይቀራል። ነጭ ሽንኩርቱ ሥሩ በሰበሰ። ድንቹ የጣት ያህል ሆኖ ትል በላው። ጎመኑ ቢጫ ሆነ። ኮሰረቱማ አንድ ወርም አልቆየም። አያቴ ድስት መጣድ ተዉ። በሶ በውኃ በጥብጠው በቀን አንዴ ይጠጣሉ፣ በቃ። ከአሰላ ገበያ ጎመን ገዝቼ አመጣሁላቸው፤ ዳሰስ አደረጉትና ለጎረቤታችን ሰጧት።

«ለምን አይበሉም?» ስል፣

«አልራበኝም» ይላሉ።

ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ እንደ ተሰቀለ ሆነ። አሰላ ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ። እኔም ዕድሜ ነው አልኩ፤ ይህ መልስ ለኔ ተመችቶኝ ነበር።

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ሳለ አንድ የአብዮት ጥበቃ እያለከለከ ገባ።

«ጓድ ጸሐፊ፣ ከአምራቾች ማሳ አፈር ስትሰርቅ የተያዘች ሴትዮ አለች።»

«አፈር?» መዝገቡን ገለጥኩ። «ስም?»

ጠመንጃውን ከትከሻ ትከሻ አዛወረ። «እ... ጓድ፣ ብትወጣና ብታያት ይሻላል።»

ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ባለው ዝግባ ሥር የማኅበሩ ሊቀመንበር ወንበር ላይ፣ አያቴ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አለ፣ ውስጡ ጥቁር አፈር። ፊታቸው በላብ ወርዝቷል። ያንን ዳገት ብቻቸውን ወጥተው ነው።

«ስንት ቀን ወሰዱ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ዝናቡ ካቆመ ወዲህ። በየቀኑ።»

«ለምን?»

«ለጎመን።»

ዙሪያውን የቆመው ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ሥልጣኑን የሚወድ ሰው ነበር፤ ክፉ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ባለበት ቦታ ሁሉ የሚስቁት በሱ ይመስለዋል። «የጋራ ንብረት የጋራ ንብረት ነው» አለ። «ጸሐፊ፣ መዝግብ።»

ብዕሬን ያዝኩ። ስርቆት ብዬ ብመዘግብ አያቴ በዚያ ዕድሜያቸው የማኅበሩ እስር ቤት አፈር ላይ ሊያድሩ ነው። እውነቱን ብጽፍ ደግሞ ጸሐፊው ለገዛ አያቱ የገባውን ቃል አጭበርብሯል ማለት ነው፤ በኔ ቃልና በኔ ገመድ ቤቱን ያፈረሰ ሰው ሁሉ ፊቴ ቆሟል። አያቴ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረዋል። አንድ ቃል ቢናገሩ እኔ አለቀልኝ። አልተናገሩም።

ጻፍኩ። ጽፌም ተነሥቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦ የአካባቢውን የአፈር ለምነት ለማጥናት በጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ ከቀድሞ ጓሮዎች ናሙና እየተሰበሰበ ስለሆነ፣ ለሥራው ልምድ ያላቸው እኚህ እናት እንዲያመላልሱ ተመድበዋል የሚል ነበር። ሊቀመንበሩ «ጥናት» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፊቱ ተፈታ።

«ታዲያ ቀድመህ አትነግረንም?» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት።

እስከ ዛሬ ድረስ ከጻፍኳቸው ወረቀቶች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ቆሜ፣ ያለ ረቂቅ፣ ባንድ ትንፋሽ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሳፋውን ልቀበላቸው ብል አልሰጡኝም። ጓሮው ገብተው አፈሩን ጥግ ላይ ደፉት፤ በመዳፋቸው ጠፍጠፍ አደረጉት። እዚያ ጥግ ላይ የዳቦ ያህል ጉብታ ሆኗል። የወር ድካማቸው ያ ነው።

«ጥሩ ወረቀት ነበር?» አሉ።

«ከዚያ የተሻለ ጽፌ አላውቅም።»

«ሁለት አህያ ብቻ መምጣቱንስ ጽፈሃል?»

«መቼ አወቁ?»

«እጄን ባስገባሁ ቀን ነዋ። ከላይ የኔው ነው። ከሥር ስደርስ እንደ ሊጥ ያዘኝ። የታወረው ዓይኔ ነው እንጂ እጄ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

መሬት ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ፊትህን ባላየውም ድምፅህ ደክሞ ነበር። ደክሞት ነው ብዬ ተውኩህ። እኔ ግን በሌላ አፈር የበቀለ አይወርድልኝም፤ አመል ነው፣ ምን ላድርግ። ስለዚህ ራሴ ላምጣ አልኩ።»

ጉብታውን አየሁት። በልቤ አሰላሁት፤ በዚያ አካሄድ አንድ መደብ ለመሙላት ዓመት አይበቃም። እሳቸው ደግሞ በበሶ ውኃ ዓመት የሚቆዩ አልነበሩም፤ አንድ ቀን ያ ዳገት ላይ ይቀራሉ።

«ሰው እመድባለሁ» አልኩ። «አሁን ወረቀት አለን። ሁለት ጎረምሳ በሳምንት ይጨርሰዋል።»

«ጎረምሶቹ ናቸው አመጣለሁ ያሉኝ?»

በማግስቱ ሳፋቸውን ይዘው ሲነሡ ከእጃቸው ወሰድኩት። ጆንያም ጨመርኩ። ዳገቱን ወጥቼ ከድሮው ጓሮ ቆፍሬ፣ ጆንያውን በትከሻዬ አድርጌ፣ በጠራራ ፀሐይ እኔው በለካሁት መንገድ መሐል ለመሐል ወረድኩ። ጸሐፊ አፈር ተሸክሞ ሲያልፍ ያላየ ሰው ቤቱ የቀረ አልነበረም።

«ጓድ ጸሐፊ፣ ናሙናው አልበዛም?» አለችኝ ጎረቤታችን ከደጇ።

«ጥናቱ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለ ያ የአብዮት ጥበቃ። «እኛም ዲግሪ እንድንይዝ ነው።»

«ተዉት፣ ይማር!» አለ አንዱ ሽማግሌ። «በብዕር ያልገባው በትከሻ ይገባዋል።»

ጆንያውን በትከሻዬ አመቻችቼ አለፍኩ። ጠዋት ከቢሮ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ፀሐይ ሳትገባ አንዴ። መጀመሪያ ያንን የወንዝ ዳር ጭቃ ቆፍሬ ማውጣት ነበረብኝ፤ አስገቢው እኔ፣ አውጪው እኔ። ግራ ትከሻዬ ከዚያ ወዲህ ከቀኙ ዝቅ እንዳለ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጎረቤታችን ሳቁ ሰለቻት መሰለኝ፣ አህያዋን እየነዳች ዳገቱ ላይ አገኘችኝ። «ና፣ ጫን» አለች። «አንተን ሳይ የኔ ወገብ ታመመ።»

አያቴ እየበጠበጡ የሚጠጡት በሶ እንኳ አንሶ ነበር። በየቀኑ ስገባ መጀመሪያ የማየው ጓሮውን ሳይሆን እሳቸውን ነው፤ ተቀምጠዋል ወይስ ተኝተዋል። ተቀምጠው ካየሁ ሌላ ጆንያ ላመጣ እወጣለሁ።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር አራት መደብ ሞላ። የጎመኑን ዘርና የነጭ ሽንኩርቱን ራስ ጎረቤታችን አመጣች፤ ቀድሞ ከኛው ጓሮ የወሰደችው ነው። ጎመኑ ቅጠል እንዳወጣ አያቴ በእጃቸው እያንዳንዱን ዳበሱት፤ ያ ይቀጠፍ ያ ይቆይ እያሉ። ድስት ተጣደ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጉርሻቸውን እቆጥራለሁ። አንድ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

«ጨው አንሶታል» አሉ። ደግመው ጎረሱ።

ያን ቀን የተረፈ አልነበረም። ጎረቤታችን ቂጣውን ይዛ መጥታ ድስቱን በጣቷ ጠረገችው።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ክሊኒኩም ውኃውም የተባለውን ያህል አልመጣም፤ ስብሰባው ብቻ ነው ያልቀረው። በመጨረሻ መንግሥቱ ሲዳከም፣ የፈለገ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለስ ተባለ። ሰው ለመምጣት ከፈጀበት በግማሽ ጊዜ ቤቱን አፍርሶ ይጭን ጀመር። የኔ ረድፍ በየቀኑ ጥርስ እንደሚያወልቅ ሰው ሆነ። እኔም ከሁሉ ቀድሜ የበሬ ጋሪ ተዋስኩ፤ ዘዴኛ ነኝ። ጋሪውን ደጅ አቁሜ ገባሁ።

አያቴ ጓሮ ውስጥ አረም እየነቀሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ዓይናቸው አያይም፤ አረሙን ከጎመኑ በጣታቸው ነው የሚለዩት።

«እማማ፣ ይነሡ እንሂድ! የምሰሶው ጉድጓድ የነበረበትን ቦታ ሳይቀር አግኝቼዋለሁ። እዚያው ላይ ነው የምተክልልዎ።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ቦታችን ነዋ። ስልሳ ዓመት የኖሩበት።»

«እሱን አውቃለሁ። አሁን ምን አለ ነው የምልህ።»

ወደ ተረተሩ ቀና ብዬ አየሁ። ትራክተሩ ስንት ጊዜ ገልብጦታል፣ ስንዴ በስንዴ ላይ ተዘርቶበታል። ጥቁሩን አፈር ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ ጠርጌ ያወረድኩት፤ እዚያ የቀረው ፈዛዛው ሥሩ ነው።

«ደግሜ ማዛወር እችላለሁ» አልኩ። «እኔ አይደለሁ? እችላለሁ።»

«አውቃለሁ ትችላለህ።» አንድ የአረም ሥር ነቅለው አራግፈው ወደ ጎን ጣሉት። «እኔ ግን የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። አንተ ሂድ፣ ሚስት አግባ፣ ቤት ሥራ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ውጪ ሊቀመንበሩ ምሰሶዎቹን በአህያ ጭኖ ሲያልፍ አየኝ። «ጸሐፊ፣ ገና አልጫንክም እንዴ? ብቻህን ልትቀር ነው እኮ!»

በሬዎቹን ፈታሁና ጋሪውን ለጎረቤታችን ሰጠኋት፤ እሷ ገና ጣሪያዋን እያወረደች ነበር። ተመልሼ ገብቼ ከአያቴ ጎን መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ደክሞኝ ነበር።

«ከአንተ በኩል ያለውን ያዝ» አሉ። «ጎመኑን እንዳትነቅል ብቻ።»